ቴዎዶር ሞምዘን፦ የሕግ ምሩቅ እንዴት የሮም ታሪክ ሊቅ ሆነ?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጀርመናዊው ቴዎዶር ሞምዘን ዶክትሬቱን ያገኘው በሕግ ነው፤ ለዓመታት ያስተማረውም ሕግ ነው። ታዲያ ከጥንቷ ሮም ታሪክ አጥኚዎች ሁሉ አውራ ተደርጎ የሚቆጠረው እንዴት ነው? በፖለቲካ ምክንያት ከሊፕዚግ የተባረረ መምህር በርሊን ላይ ትልቁን ወንበር ያገኘውስ በምን መንገድ ነው? የኖቤል ሽልማት ያስገኘለትን መጽሐፍ አራተኛ ክፍልስ ለምን ሳይጽፈው ቀረ?»

ሦስቱ ጥያቄዎች ለየብቻ የቆሙ ይመስላሉ፤ በእኔ እምነት ግን መልሳቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። የሞምዘንን ሕይወት ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የተደረገ የሹመት ጉዞ አድርገን ብቻ ከተመለከትነው ብዙ ነገር ያመልጠናል። ሥራውን ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው ያሰረው ክር በላቲን የተጻፉ የድንጋይ ጽሑፎችን አንድ በአንድ አይቶ፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለይቶ፣ በአንድ ታላቅ መድበል የማሰባሰብ ዕቅድ ነው። የሕግ ትምህርቱ በድንጋዮቹ ላይ ምን መፈለግ እንዳለበት አሳወቀው፤ ከወንበሩ መነሣቱም ሆነ ታዋቂው መጽሐፉ በዚህ ረጅም ሥራ መካከል የመጡ ናቸው፤ በርሊን የጠራችውም በመጽሐፉ ዝና ሳይሆን በድንጋዮቹ ምክንያት ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞምዘን በ1817 በሽሌስቪግ ጋርዲንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አካባቢው በዚያን ጊዜ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ነበር። አባቱ ዬንስ ሞምዘን ብዙ ሀብት የሌላቸው የሉተራን ቄስ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ቤት ውስጥ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቹ ቲኮና አውግስትም በኋላ የግሪክና የላቲን ሊቃውንት ሆነዋል። ሞምዘን በአልቶና ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ በ1838 ኪል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ ማጥናት ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መብራራት አለበት፤ አለዚያ «የሕግ ምሩቅ» የሚለው ነገር ያሳስታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ጀርመን የሮም ሕግ የሞተ ሕግ አልነበረም። በ1900 አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ በብዙዎቹ የጀርመን ግዛቶች ፍርድ ቤቶች የሮም ሕግ የጋራ ሕግ ሆኖ ይሠራበት ነበር። ፍትሐ ነገሥት በአገራችን ችሎት ለዘመናት ሕያው ሕግ ሆኖ እንደተጠቀሰና ሊቃውንቱም አንድምታውን ሲያስተምሩ እንደኖሩ ሁሉ፣ የጀርመን የሕግ ተማሪም በንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኑስ ትእዛዝ የተሰበሰበውን የሮም ሕግ ቃል በቃል ማጥናት ነበረበት። በዚያ ላይ በበርሊኑ ፍሪድሪኽ ካርል ፎን ሳቪኒ የሚመራው ታሪካዊ የሕግ ትምህርት ቤት «ሕግን ለመረዳት ታሪኩን ማወቅ ግዴታ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ በየዩኒቨርሲቲው አስርጾ ነበር። ስለዚህ ሞምዘን ከሕግ ወጥቶ ወደ ታሪክ የተሻገረ ሰው አይደለም። ወደ ሮም ታሪክ የገባው በሕጉ በር ነው፤ ያ በር ደግሞ በጊዜው ከሁሉም ሰፊው ነበር።

ሁለተኛው በር በኪል ያገኘው ወጣቱ መምህር ኦቶ ያን ነው። ያን የሥነ ጽሑፍና የጥንታዊ ቅርሶች ሊቅ ነበረ፤ ለድንጋይ ጽሑፎች ያለውን ፍቅርም ለሞምዘን አጋባበት። በ1843 የቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የሁለቱን በሮች ተጽዕኖ በአንድነት ያሳያል፤ ጉዳዩ በሮም ሹማምንት ሥር ያገለግሉ ስለነበሩ ጸሐፊዎችና መልእክተኞች የወጣ ሕግ ነበርና። ታላላቆቹ የሮም ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጦር መሪዎችና ስለ ቄሣሮች እንጂ ስለ ጸሐፊና ስለ መልእክተኛ ብዙም አይጨነቁም። እንዲህ ያሉ ሰዎችን የምናገኛቸው በመቃብር ድንጋይና በነሐስ ሰሌዳ ላይ ነው። ሞምዘን ገና በ25 ዓመቱ የመረጠው ርእስ፣ የታሪክ መጻሕፍት ዝም ያሉበትን ነገር ድንጋይ እንደሚናገር የገባው ሰው የሚመርጠው ዓይነት ነው።

ዶክትሬት ማግኘት ግን እንጀራ አላስገኘለትም። ለጥቂት ጊዜ በአልቶና አክስቶቹ በሚያስተዳድሩት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አስተማረ። ከዚያ በ1844 የዴንማርክ መንግሥት የጉዞ ድጎማ ሰጠው፤ በፈረንሳይ በኩል አድርጎ ወደ ጣሊያን ወረደና እስከ 1847 በዚያው ቆየ። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ከተቀመጠባቸው ወንበሮች ሁሉ ይልቅ ሞምዘንን ሞምዘን ያደረጉት እነዚህ ሦስት ዓመታት ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሮም ውስጥ በ1829 የተቋቋመ የአርኪዮሎጂ ተቋም ነበረ፤ እዚያም የዕድሜ ልክ የሥራ ጓደኛው ከሆነው ከቪልሄልም ሄንሰን ጋር ተዋወቀ። ትልቁን መምህሩን ያገኘው ግን በትንሿ ሪፐብሊክ በሳን ማሪኖ ነው። ባርቶሎሜዮ ቦርጌዚ በእድሜ የገፉ፣ ከተራራው ብዙም የማይወርዱ፣ ከመላው አውሮፓ በሚጻፍላቸው ደብዳቤ የሳንቲምና የድንጋይ ጽሑፍ ጥያቄ ሁሉ የሚፈቱ ሊቅ ነበሩ። ሞምዘን ከእሳቸው የተማረው የአንድን ሮማዊ ሹም የሥራ ዘመን ከተሰባበሩ ጽሑፎች አሰባስቦ እንደገና መገንባትን ነው። የቦርጌዚ ምክር ደግሞ ግልጽ ነበር፦ መላውን ዓለም በአንዴ አትጀምር፤ አንድ አገር ያዝና እዚያ ያለውን ሁሉ ጨርስ። ሞምዘንም የኔፕልስን መንግሥት መረጠ።

በዚያን ጊዜ የድንጋይ ጽሑፍ መድበል ማዘጋጀት ማለት በአብዛኛው ከታተሙ መጻሕፍትና ከተላኩ ግልባጮች መሰብሰብ ማለት ነበር። የበርሊን አካዳሚ፣ ማለትም የሊቃውንቱ የምርምር ማኅበር፣ በአውግስት በኽ መሪነት ያሳተመው የግሪክ ጽሑፎች መድበል ራሱ የተዘጋጀው በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው። ችግሩ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የጣሊያን ሊቃውንት የገለበጡት ሁሉ የሚታመን አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ገልባጭ በስሕተት ፊደል ይለውጣል፤ አንዳንዱ የጎደለውን በራሱ ግምት ይሞላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያልነበረ ድንጋይ ፈጥሮ ይጽፋል። ከሁሉም የከፋው የ16ኛው መቶ ዓመት አርክቴክትና የቅርስ ሰብሳቢ ፒሮ ሊጎሪዮ ነው፤ እውነተኛ ጽሑፎችን ከራሱ ፈጠራ ጋር ቀላቅሎ በመተዉ ተከታዮቹን ለሦስት መቶ ዓመት አሳስቷል። የሞምዘን መርህ ከዚህ የተነሣ ቆራጥ ሆነ፦ ድንጋዩ ካለ ሄደህ በዓይንህ እየው፤ ድንጋዩ ከጠፋ ግልባጩን ማን፣ መቼ፣ ከማን እንደ ገለበጠው መርምር፤ ምስክሩ አንድ ጊዜ ሲዋሽ ከተያዘ ሌላ ደጋፊ የሌለውን ቃሉን ሁሉ አትቀበል። ይህ የሕግ ሰው የምስክር አመዛዘን ነው። የሕግ ትምህርቱ ለታሪክ ሥራው ምን አስተዋጽኦ እንዳደረገ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

በ1847 ይህንን መርህ በዝርዝር አስፍሮ ለበርሊን አካዳሚ የመድበል ዕቅድ አቀረበ። አካዳሚው ግን ወዲያው አልተቀበለውም። ወጪው ብዙ ነበር፤ ከመጻሕፍት ብቻ ሰብስቦ በቶሎና በርካሽ የሚያዘጋጅ ሌላ ሰውም ነበረ። ሞምዘን የመለሰው በሥራ ነው፤ በራሱ እግር እየዞረ የሰበሰበውን የኔፕልስ መንግሥት ጽሑፎች በ1852 አሳትሞ ለቦርጌዚ መታሰቢያ አደረገው። ያንን መጽሐፍ ከፊታቸው አስቀምጠው የድሮውን ዘዴ ደግፈው መከራከር ለአካዳሚው አባላት አስቸጋሪ ሆነ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንግባ። በ1848 አብዮት በመላው አውሮፓ ሲቀጣጠል ሞምዘን ገና ከጣሊያን መመለሱ ነበር። ሽሌስቪግና ሆልሽታይን በዴንማርክ ላይ ሲነሡ፣ በዴንማርክ ድጎማ የተማረው ሞምዘን በሬንድስቡርግ ለጊዜያዊው መንግሥት ወገን የቆመ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ሊፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተጠባባቂ ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠረው፤ ይህም ከሙሉ ፕሮፌሰርነት አንድ እርከን ዝቅ ያለ ማዕረግ ነው። እዚያም ወዳጁ ኦቶ ያንና የሥነ ጽሑፍ ሊቁ ሞሪትስ ሃውፕት ነበሩ። በግንቦት 1849 በሳክሶኒ ሕዝባዊ ዐመፅ ሲነሣ ሦስቱም ከሕገ መንግሥቱ ደጋፊዎች ጎን ቆሙ፤ ክስ ተመሠረተባቸው፤ በ1851 ሦስቱም ከወንበራቸው ተነሡ።

በሊፕዚግ ሳለ ግን ሌላ ነገር ተፈጥሯል። ሞምዘን ስለ ግራኩስ ወንድማማቾች፣ ማለትም የመሬት ይዞታን ለማሻሻል ሲታገሉ ስለ ተገደሉት ሁለት የሮም የሕዝብ እንደራሴዎች ለሕዝብ ንግግር አደረገ። ከአድማጮቹ መካከል የቫይድማን ማተሚያ ቤት ባለቤቶች ካርል ራይመርና ሳሎሞን ሂርትስል ነበሩ፤ ከንግግሩ በኋላ የሮምን ታሪክ እንዲጽፍላቸው ጠየቁት። እንግዲህ ዓለም የሚያውቀው «የሮም ታሪክ» ከአካዳሚያዊ ዕቅድ የመነጨ ሳይሆን አሳታሚዎች ያቀረቡለት ሐሳብ ነው። ከ1854 እስከ 1856 ባሉት ዓመታት ሦስት ክፍሎች ወጡ፤ ትረካውም ከጥንታዊት ጣሊያን ተነሥቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዩሊዩስ ቄሣር በሰሜን አፍሪካ ታፕሱስ በተባለ ቦታ እስካሸነፈበት ጊዜ ይደርሳል። ራይመር በኋላ አማቱ ሆነ፤ ሞምዘን በ1854 ልጁን ማሪን አግብቶ 16 ልጆች ወልደዋል።

መጽሐፉን ልዩ ያደረገው ቋንቋው ነው። የግርጌ ማስታወሻ የለውም ማለት ይቻላል። የሮምን ሹማምንት በዘመኑ የጀርመን ፖለቲካ ቃላት ይጠራቸዋል፤ ሰዎቹን ይወዳል፣ ይጠላል፣ ይፈርዳል። የንግግር ሊቁንና ፖለቲከኛውን ኪኬሮን ያለ ርኅራኄ ያዋርደዋል፤ ቄሣርን እስከ ጫፍ ከፍ ያደርገዋል። የ1848 ተስፋው የከሸፈበት ሰው የጻፈው መሆኑ በየገጹ ይታያል፦ የተበላሸ የባላባቶች መንግሥት፣ መፍትሔ የማያመጣ ምክር ቤት፣ ሁሉንም የሚፈታ አንድ ብልህ መሪ። በእኔ አስተያየት ስለ ኪኬሮ የሰጠው ፍርድ ሚዛን የሳተ ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ ሊቃውንትም አስተካክለውታል። እንደ ትረካ ግን ዛሬም ሲነበብ ይይዛል።

መጽሐፉ በሚጻፍበት ጊዜ ጸሐፊው በመንገድ ላይ ነበር። በ1852 ዙሪክ የሮም ሕግ ወንበር ሰጠችው፤ በዚያም አላረፈም፤ የስዊዘርላንድን የላቲን ጽሑፎች ሰብስቦ በ1854 አሳተመ። በዚያው ዓመት በፕሩሲያ ግዛት ወዳለችው ብሬስላው ተዛወረ፤ የዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ ናት። በሁለቱም ከተሞች መደበኛ ሥራው ሕግ ማስተማር ነበር። በዚህ መካከል የበርሊን አካዳሚ በ1853 የላቲን ጽሑፎችን መድበል ሥራ ለእሱና ለባልደረቦቹ አደራ ሰጠ፤ በ1858 ደግሞ ይህንኑ ሥራ እንዲመራ ወደ በርሊን ጠራው። ልብ ይበሉ፦ የጠራው ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ አካዳሚው ነው። ደመወዙም የተቆረጠለት ለምርምር ነው። በዩኒቨርሲቲው የሮም ጥንታዊ ዘመን ጥናት ወንበር የተሰጠው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1861 ነው። በ43 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕግ ፋኩልቲ ውጭ ፕሮፌሰር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «የተባረረ መምህር እንዴት በርሊን ደረሰ?» ለሚለው መልሱ ይህ ነው፤ ማንም ሌላ ሰው ሊሠራው የማይችለውን፣ አካዳሚውም ሊተወው የማይፈልገውን ሥራ በእጁ ይዞ ስለ ነበረ ነው። አንድ የጀርመን መንግሥት ያባረረውን ሊቅ ሌላው መቅጠሩም በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲዎቹ ብዛትና ፉክክር ለሊቃውንቱ መጠለያ ሆኗቸዋል።

የመድበሉ የመጀመሪያ ክፍል «ኮርፑስ ኢንስክሪፕሲዮኑም ላቲናሩም» በሚል ስም በ1863 ታተመ። አሠራሩን ትንሽ ላብራራ፤ ምክንያቱም የሞምዘን ትልቅነት ከመጽሐፉ ይልቅ እዚህ ላይ ይታየኛል። ጽሑፎቹ የተደረደሩት በይዘታቸው ሳይሆን በተገኙበት አገር፣ በአገሩም ውስጥ በየከተማው ነው። የእያንዳንዱ ከተማ ምዕራፍ ስለ ከተማይቱ ታሪክና ቀደም ሲል ጽሑፎቿን ስለ ገለበጡ ሰዎች በሚናገር መግቢያ ይከፈታል። ሐሰተኞቹ አይጣሉም፤ ማንም ዳግመኛ እንዳይሳሳትባቸው ቁጥራቸው ላይ ኮከብ ተደርጎ ለብቻ ይቀመጣሉ። የእስፓኝንና የብሪታንያን ጽሑፎች ኤሚል ሂዩብነር ያዘ፤ የሮምን ከተማ ሄንሰንና ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ደ ሮሲ ያዙ፤ የደቡብ ጋልን፣ ማለትም የዛሬዋን ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኦቶ ሂርሽፌልድ ያዘ። ሞምዘን ራሱ የሰሜን ጣሊያንን፣ የደቡብ ጣሊያንን፣ የባልካንንና የምሥራቁን ክፍል አዘጋጀ፤ የሰሜን አፍሪካን ክፍል የጀመረው ጉስታፍ ቪልማንስ ሲሞትም እሱ አስጨረሰው። ድንጋዩ ያለበት ቦታ መድረስ ለሁሉም ስለማይቻል በወረቀት የማተም ዘዴ በስፋት ይሠራበት ነበር፤ የራሰ ወረቀት በድንጋዩ ላይ ተደርጎ በብሩሽ ይመታና ሲደርቅ ፊደሎቹን ይዞ ይነሣል፤ ያንንም በርሊን ላይ ሆኖ መብራት ከጎን እያበሩ ማንበብ ይቻላል። መድበሉ ዛሬም አላለቀም፤ እስካሁን በ17 ክፍሎች ከ180,000 በላይ ጽሑፎች ተካተውበታል።

ይህ ሁሉ ለታሪክ ምን ጠቀመ? የጥንቶቹ ሮማውያን ጸሐፊዎች ታኪቱስና ሱኤቶኒዩስ ቤተ መንግሥቱን ያሳዩናል። ድንጋዮቹ ግን አንድ ወታደር ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ነጻ የወጣ ባሪያ በየትኛው ማኅበር እንደ ታቀፈ፣ አንዲት የእስፓኝ ከተማ ዳኞቿን እንዴት እንደ መረጠች፣ አንድ አስተዳዳሪ ከየትኛው ሹመት ወደ የትኛው እንዳደገ ይነግሩናል። ሞምዘን ይህንን ማስረጃ ከሕግ ዕውቀቱ ጋር አዋሕዶ ከ1871 እስከ 1888 «የሮም የመንግሥት ሕግ» የተባለውን ሦስት ክፍል መጽሐፍ ጻፈ። የሮም ሹማምንት ሥልጣን፣ የሴኔቱና የሕዝቡ መብት፣ የቄሣሩ ሥልጣን ሕጋዊ መሠረት፣ ሁሉም እንደ አንድ ሕንጻ ተያይዘው ቀርበውበታል። ጉድለቱም ከዚሁ ጥንካሬው የሚመነጭ ነው። ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ሲለዋወጥ የኖረን ልማድ ከመጀመሪያው አንድ ወጥ ሥርዓት እንደነበረው አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሮማውያን ራሳቸው ግን እንደዚያ ያለ የተጻፈ ሕገ መንግሥት አልነበራቸውም። ያም ሆኖ እሱን የሚቃወም ሰው ሁሉ ክርክሩን የሚጀምረው ከእሱ ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ኖቤል ያገኘውን ሳይሆን ይህንን ነው።

በ1874 የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆኖ ባደረገው ንግግር ታሪክ ጸሐፊ ምናልባት ከሊቃውንት ይልቅ ከኪነ ጥበብ ሰዎች ወገን ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ጸሐፊነትን ማስተማር አይቻልም፤ ሊማሩ የሚቻሉት የሚያጠኑት ሕዝብ ቋንቋና የመንግሥቱ ሕግ ናቸው የሚል ሐሳብም ነበረው። ስለ ራሱ መንገድ የተናገረ ያህል ነው። በ1889 በኋላ በማኅበረሰብ ጥናት ዝነኛ የሆነው ወጣቱ ማክስ ቬበር የዶክትሬት ጽሑፉን በበርሊን ሲከላከል ሞምዘን ከአድማጮች መካከል ተነሥቶ ተከራከረው፤ ከዚያ ግን ጦሩን፣ ማለትም የሥራውን አደራ፣ ለማን እንደሚያወርስ ሲያስብ ከቬበር የተሻለ ሰው እንደማይታየው ተናገረ። የተመኘው ወራሽም የሕግ ምሩቅ መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም።

ከ1874 እስከ 1895 የአካዳሚው የታሪክና የቋንቋ ክፍል ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ ደግሞ የምርምርን አደረጃጀት ራሱን ለወጠ። በ1890 የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሊቁን አዶልፍ ሃርናክን ወደ አካዳሚው ሲቀበል ባደረገው ንግግር ትልልቅ መንግሥታትና ትልልቅ ፋብሪካዎች እንዳሉ ሁሉ፣ በአንድ ሰው የማይሠራ ነገር ግን በአንድ ሰው የሚመራ ትልቅ ሳይንስም የዘመኑ ግዴታ ነው አለ። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን አባቶችን ጽሑፎች የማሳተም ሥራ፣ የሮም ድንበር ምሽጎችን ቁፋሮ የሚመራው ኮሚሽን፣ በቄሣሮች ዘመን የነበሩ ታላላቅ ሰዎች መዝገብ፣ ታላቁ የላቲን መዝገበ ቃላት፣ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ እጁ አለበት። ዛሬ በርካታ ተመራማሪዎች በአንድ ፕሮጀክት ሥር ለዓመታት የሚሠሩበት የሰብአዊ ጥናት አሠራር በአብዛኛው የተቀዳው ከዚያ ነው። ይህ አሠራር የራሱ ዋጋ ነበረው፤ ብዙ ጎበዝ ወጣቶች ዕድሜያቸውን ማውጫ በማዘጋጀት ጨርሰዋል።

ጥያቄው ስለ አካዳሚያዊ ሕይወቱ ቢሆንም ፖለቲካውን ፈጽሞ መተው አይቻልም። በፕሩሲያ ምክር ቤት፣ ከ1881 እስከ 1884 ደግሞ በንጉሠ ነገሥታዊው ምክር ቤት በሊበራል ወገን እንደራሴ ነበር። የጀርመኑን መራሔ መንግሥት የቢስማርክን የኢኮኖሚ ፖሊሲ ማጭበርበር ብሎ በመተቸቱ በስድብ ተከስሶ በነጻ ተለቋል። ከሁሉም በላይ የሚነሣው ግን የሥራ ባልደረባው ሃይንሪኽ ፎን ትራይችከ በ1879 በአይሁድ ላይ የጻፈውን ጽሑፍ መቃወሙ ነው። ሞምዘን በ1880 ባሳተመው ምላሽ አንድ የተከበረ ፕሮፌሰር ለጥላቻ ጨዋ ልብስ ሲያለብስለት የሚያስከትለውን ጥፋት በግልጽ አሳየ። እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት አለ፤ ትራይችከ ራሱን ለመደገፍ ከጠቀሳቸው ቃላት መካከል ሞምዘን በ«የሮም ታሪክ» ሦስተኛ ክፍል ስለ ጥንት አይሁድ የጻፈው አንድ ሐረግ ነበረበት፤ በኋላ ዘመን የመጡ ጸረ አይሁዶችም ደጋግመው ተጠቅመውበታል። ትራይችከ በ1895 የአካዳሚው አባል ሆኖ ሲመረጥ ሞምዘን የጸሐፊነቱን ሥልጣን ለቀቀ።

በ1880 የበጋ ወራት ሻርሎተንቡርግ በሚገኘው ቤቱ እሳት ተነሥቶ ቤተ መጻሕፍቱን አወደመ። ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት ተውሷቸው የነበሩ የብራና መጻሕፍትም አብረው ነደዱ፤ ከእነሱ መካከል የጎቶችን ታሪክ የጻፈው ዮርዳኔስ የሃይድልበርግ ቅጂ ይገኝበታል። የጀርመንና የውጭ አገር ወዳጆቹ መጻሕፍት እንዲተካ ረዱት፤ እሱም የዮርዳኔስን ኅትመት በ1882 አወጣ።

ወደ መጨረሻው ጥያቄ ስንመጣ፣ ሞምዘን አራተኛውን ክፍል ዘልሎ በ1885 አምስተኛውን ክፍል አሳተመ። ይህ ክፍል ስለ ሮም አውራጃዎች ከቄሣር እስከ ዲዮክሌቲያኑስ ያለውን ይተርካል፤ የቄሣሮች ቤተ መንግሥት በውስጡ የለም ማለት ይቻላል። በግብጽ ምዕራፍ ውስጥ የአክሱም መንግሥትን አንሥቶ ይናገራል፤ ለዚህም ከሚጠቅሳቸው ማስረጃዎች አንዱ በ6ኛው መቶ ዓመት ተጓዡ ኮስማስ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ ነው። ድንጋዩ ራሱ ስለ ጠፋ ያለን የኮስማስ ግልባጭ ብቻ ነው፤ የሞምዘን የምስክር መመዘኛ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም። ሞምዘን ከሞተ በኋላ በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን አክሱም ገብቶ ጽሑፎቹን ከድንጋዩ ላይ በፎቶግራፍና በወረቀት እትም ወስዶ በ1913 ያሳተመው በዚሁ «ሄደህ በዓይንህ እየው» በሚል የአሠራር ባህል ነው።

ታዲያ አራተኛው ክፍል የት ቀረ? ብዙ ምክንያት ይሰጣል፦ በእሳቱ የወደመው ማስታወሻ፣ የቄሣሮቹን ዘመን እንደ ወጣትነቱ በስሜት ሊጽፈው አለመቻሉ፣ የክርስትና መነሣት ለቄስ ልጅ ከባድ ርእስ መሆኑ። የስዊድን አካዳሚ በ1902 በ85 ዓመቱ የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን ሲሰጠው ከሕያዋን የታሪክ ጸሐፊዎች ታላቁ ብሎ የጠራው ያንኑ ያልተጠናቀቀ መጽሐፍ በስም ጠቅሶ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ኅዳር መጀመሪያ ላይም ዐረፈ። ዕውቀት አጥሮት እንዳልነበረ ግን ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር እንችላለን። አሌክሳንደር ዴማንት የተባሉ የበርሊን ታሪክ ፕሮፌሰር በ1980 ኑርንበርግ ከሚገኝ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ሰባስቲያን ሄንስልና ልጁ ፓውል የሞምዘንን ትምህርት ሲከታተሉ የጻፉትን ማስታወሻ አገኙ፤ በ1992ም ታተመ። በማስታወሻው ውስጥ የቄሣሮቹ ታሪክ ከአውግስቱስ ጀምሮ እስከ 5ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ አለ፤ ለተማሪዎች ለዓመታት ያስተምረው ነበር። የጎደለው ለኅትመት የመወሰን ፈቃድ ነው። እኔ እንደማነበው፣ በ1850ዎቹ ሮማዊውን የታሪክ ጸሐፊ ሊቪዩስንና ኪኬሮን አገናዝቦ ትረካ መጻፍ የቻለው ሰው፣ ራሱ የሰበሰባቸው ድንጋዮች በየዓመቱ አዲስ ነገር ይዘው ሲመጡ በወሬ በተሞሉ የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ላይ የቆመ ትረካ ማሳተም አልፈለገም፤ ስለ ቄሣሮች ሥልጣን የሚለውን በ«የሮም የመንግሥት ሕግ»፣ ስለ ግዛታቸው የሚለውን በአምስተኛው ክፍል ብሎ ጨርሶታል።